ዋው ሆላንድ፦ ባንክ ደፍሮ ገንዘቡን ያልነካው ሃከር

ጥያቄ፦ «ስለ ጀርመናዊው ሃከር ዋው ሆላንድ ሳነብ፣ በ1984 ከአንድ ባንክ በአንድ ሌሊት 135,000 የጀርመን ማርክ ያህል ወስዶ ወዲያው መመለሱን ተረዳሁ። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ጓደኞቼ ጀግና ይሉታል፤ መምህራችን ግን የሰረቀውን የመለሰ ሌባም ቢሆን ያው ሌባ ነው ይላሉ። ሰውየው በእርግጥ ማን ነበር? ምን እየሠራ ኖረ? እንደ አርአያ ልወስደው ይገባኛል?»

ምላሽ፦ ጓደኞችዎም መምህርዎም ከእውነቱ አንዳንድ ጫፍ ይዘዋል። እኔ የተቋማትን የኮምፒውተር ሥርዓት ደኅንነት በመፈተሽ የምተዳደር ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ስለዚህ ሰው ያለኝ አስተያየት ከሁለቱም ጥቂት ይለያል። ከዋው ሆላንድ ይበልጥ ረቂቅ የኮምፒውተር ዕውቀት የነበራቸው ሰዎች በዘመኑ ሞልተው ነበር፤ እርሱን የተለየ ያደረገው ያየውን ክፍተት ስሙንና ፊቱን ሳይሸሽግ፣ ተራ ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ በአደባባይ መግለጡ ነው። የሌሊቱም ታሪክ ትርጉም የሚያገኘው ከዚህ ጠባዩ ጋር ሲነበብ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሙሉ ስሙ ሄርቫርት ሆላንድ-ሞሪትስ ሲሆን ዲሴምበር 20 ቀን 1951 በካሰል ከተማ ተወለደ። በማርቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተለያዩ ትምህርቶችን ጀምሮ ዲግሪ ሳይዝ ወጣ። «ዋው» ቅጽል ስሙ ነው፤ ለጀርመን ጆሮ የውሻ ጩኸት የሚመስል ይህ ስም ዕድሜ ልኩን አልተለየውም። ጺሙን ያሳደገ፣ እንደ ፋብሪካ ሠራተኛ ባለማንገቻ ሱሪ የሚያዘወትር፣ ከሰው ጋር መነጋገርና መከራከር የማይሰለቸው ሰው ነበር። ስለ ልጅነቱ ከዚህ በላይ መዘርዘር ለጥያቄዎ የሚጨምረው የለም፤ ያደገበትን የፖለቲካ አየር መረዳት ግን ግድ ይላል።

በ1970ዎቹ ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ኮምፒውተር የመንግሥት፣ የፖሊስና የትልልቅ ባንኮች ንብረት ነበር። የፌዴራሉ የወንጀል ምርመራ ፖሊስ «ቀይ ጦር ክፍል» የተባለውን የግራ ዘመም ታጣቂ ቡድን ሲያድን የብዙ ሺህ ንጹሐን ሰዎችን መዝገብ በኮምፒውተር እያበጠረ ተጠርጣሪ የሚለይበትን ዘዴ በሥራ ላይ አውሎ ነበር፤ በ1979 በፍራንክፈርት የመብራት ሒሳባቸውን በጥሬ ገንዘብ የሚከፍሉ ሰዎች ዝርዝር ሳይቀር በወንፊት ተነፍቷል። ስለዚህ በግራ ዘመሙ ወጣት ዘንድ ኮምፒውተር የሰላይ ዓይን እንጂ የሕዝብ መሣሪያ ሊሆን ይችላል ብሎ የሚያስብ ጥቂት ነበር። ዋው የእነዚሁ ወጣቶች ወገን ሆኖ ሳለ ከእነርሱ የተለየው እዚህ ላይ ነው። የምትፈራውን መሣሪያ ካልተማርኸው ለዘላለም የጌቶች መሣሪያ ሆኖ ይቀራል የሚል አቋም ነበረው።

ሴፕቴምበር 1 ቀን 1981 «ታትስ» በተባለው የበርሊን ግራ ዘመም ጋዜጣ ላይ እርሱና ጥቂት ጓደኞቹ አንድ አጭር ማስታወቂያ አወጡ። የኮምፒውተር ፍቅር የያዛቸው ሰዎች ለየብቻቸው በየጓዳቸው መዳከራቸውን ትተው እንዲገናኙ የሚጠራው ይህ ማስታወቂያ፣ ለውይይት ካቀረባቸው ርእሶች መካከል ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር መረቦች፣ የመገናኛ ሕግ፣ ምስጠራ፣ የቅጂ መብት፣ «መረጃዬ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ይገኙባቸዋል። የግል ኮምፒውተር በብዙ ቤት ባልታወቀበት ዓመት የተጻፈውን ይህን ዝርዝር ዛሬ ላይ ሳነበው ከአርባ ዓመት በላይ እየተከራከርንባቸው ያሉትን ጉዳዮች አንድ በአንድ አገኛቸዋለሁ። ስብሰባው ሴፕቴምበር 12 ቀን በዚያው ጋዜጣ ሕንፃ ውስጥ ተካሄደ፤ የተቀመጡበትም ጠረጴዛ «ኮሙነ 1» ከተባለው የ1960ዎቹ የታወቀ የዓመፀኞች የጋራ መኖሪያ የመጣ ነበር። ያቺ ዕለት ዛሬ የ«ካኦስ ኮምፒውተር ክለብ» የልደት ቀን ተደርጋ ትቆጠራለች። «ካኦስ» ማለት ትርምስ ነው፤ የሥርዓት አፍቃሪ ተብሎ በሚታወቅ አገር እንዲህ ያለ ስም መምረጣቸው ራሱ ቀልድ አለበት።

በአማርኛ ሃከርን «ጠላፊ» እያልን እንተረጉማለን። ቃሉ ሰውንና አውሮፕላንን የሚጠልፈውን ስለሚያስታውስ ክሱን ገና ከስሙ ይጀምራል፤ ልብስ ላይ ጥልፍ የሚጠልፈውን ባለእጅ ግን ማንም አያስታውስም። ዋው የሰጠው ነው እየተባለ የሚጠቀስ አንድ ትርጓሜ ለሁለተኛው ይቀርባል፦ ሃከር ማለት በቡና ማፍያ ማሽን ዳቦ የሚጠበስበትን መንገድ የሚፈልግ ሰው ነው። በእኛ ቤት ቢሆን በጀበና ቂጣ ለመጋገር የሚሞክር ልንለው እንችላለን። ነገሩ ቀልድ ይምሰል እንጂ ቁም ነገሩ ግልጽ ነው፤ አንድ መሣሪያ ምን ሊሠራ እንደሚችል የሚወስነው የአምራቹ መመሪያ ብቻ አይደለም።

ክለቡ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የራሱ ቤት አልነበረውም፤ የሚገኝበት አድራሻ በሃምቡርግ የነበረ አንድ ግራ ዘመም የመጻሕፍት መደብር ነበር። ዋው ለ«ታትስ» ጋዜጣ ስለ ኮምፒውተር ይጽፍ ነበር፤ በ1984 መጀመሪያ ደግሞ ክለቡ «ዳተንሽሎይደር» የተባለ የራሱን መጽሔት ማሳተም ጀመረ። ስሙ በአማርኛ «የመረጃ ወንጭፍ» ሊባል ይችላል፤ የዳዊትንና የጎልያድን ታሪክ ለሚያውቅ አንባቢ ተጨማሪ ማብራሪያ አያሻውም። ጎልያዱ በዚያ ጊዜ «ቡንደስፖስት» የተባለው የመንግሥት ፖስታ መሥሪያ ቤት ነበር። ይህ ተቋም ደብዳቤ ከማመላለስ አልፎ የስልክ መስመሩን በሙሉ በብቸኝነት ይዞ ስለነበር እርሱ ያልፈቀደውን ማናቸውንም መሣሪያ ከመስመሩ ጋር ማያያዝ ያስቀጣ ነበር፤ የተፈቀደውም ሞደም፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከስልክ መስመር ጋር የሚያገናኘው መሣሪያ፣ ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ አልነበረም።

የክለቡ መልስ «ዳተንክሎ» ነበር፤ ቃል በቃል «የመረጃ መጸዳጃ ቤት» ማለት ነው። የኮምፒውተሩን ምልክት ወደ ድምፅ ለውጦ በስልክ መነጋገሪያው በኩል የሚያስተላልፍ መሣሪያ ሲሆን፣ መነጋገሪያውና ማዳመጫው እንዲገጥሙበት የተመረጠው ላስቲክ ከውኃ ቧንቧ ዕቃ መሸጫ የተገዛ የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ ማጣበቂያ ነበር። ልኩ ከስልኩ ጋር በትክክል ይገጥማል። የአሠራሩ መመሪያ ክለቡ በ1985 ባሳተመው «ሃከርቢቤል» በተባለው ጥራዝ ውስጥ ወጥቶ ለማንም ተነባቢ ሆነ። በዚያ ዘመን የተለመደው ፍጥነት በሴኮንድ 300 ቢት፣ ማለትም 30 ያህል ፊደል ነበር፤ አንድ ገጽ ጽሑፍ ለመላክ ከአንድ ደቂቃ በላይ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። ሕግ መተላለፉ እንዳለ ሆኖ፣ ይህን ያደረጉት ለመስረቅ አልነበረም። ዛሬ ማንም ሰው ሞደም ከሱቅ ገዝቶ ሲሰካ ፈቃድ የማይጠይቀው ያ የፖስታ መሥሪያ ቤቱ ብቸኛ ይዞታ በኋላ ስለፈረሰ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ ልብ እንምጣ። ቡንደስፖስት በ1983 «ቢልድሺርምቴክስት»፣ በአጭሩ «ቤቴኢክስ» የተባለ አገልግሎት ለመላ አገሪቱ ከፈተ። ደንበኛው ቴሌቪዥኑን ከስልክ መስመሩ ጋር አያይዞ ዜና ያነባል፣ ዕቃ ያዝዛል፣ የባንክ ሒሳቡን ያያል። ገጽ አቅራቢዎች ለሚያቀርቡት ገጽ ዋጋ ማውጣት ይችሉ ነበር፤ ክፍያውንም ፖስታ መሥሪያ ቤቱ ገጹን ከከፈተው ደንበኛ የስልክ ሒሳብ ጋር ሰብስቦ ለባለገጹ ያስተላልፋል። መሥሪያ ቤቱ አገልግሎቱ አስተማማኝ ነው እያለ ያስተዋውቅ ነበር። የክለቡ አባላት ግን ደንበኛ ሆነው ገብተው ሲፈትሹት ክፍተት በላይ በላዩ አገኙበት፤ ይህንኑም በአደባባይ ቢናገሩ ሰሚ አላገኙም።

ዋውና የቅርብ ጓደኛው ሽቴፈን ቬርነሪ የሃምቡርግን ቁጠባ ባንክ መለያና የይለፍ ቃል በእጃቸው አስገቡ። ክለቡ በቤቴኢክስ ላይ አንድ ጊዜ ሲከፈት 9.97 ማርክ የሚያስከፍል ገጽ ነበረው። በኖቬምበር 1984 አጋማሽ አንዲት የቤት ኮምፒውተር በባንኩ ስም እየገባች ያንን ገጽ ሌሊቱን ሙሉ ደጋግማ እንድትከፍት ታዘዘች። ስትቆም ገጹ 13,510 ጊዜ ተከፍቶ ነበር፤ ድምሩ 134,694 ማርክ ከ70 ፕፌኒግ (የማርክ ሳንቲም) ደረሰ። ኖቬምበር 19 ቀን፣ ሰኞ ዕለት፣ ሁለቱ ሰዎች ጉዳዩን በሃምቡርግ የመረጃ ጥበቃ ኮሚሽነር ፊት ለጋዜጠኞች ይፋ አደረጉት፤ ምሽቱን የሁለተኛው ጀርመን ቴሌቪዥን ዜና አገር ምድሩን አሰማው። ክለቡ ከገንዘቡ ለራሱ ያስቀረው የለም። ከባንኩ ኃላፊዎች አንዱም ቀርበው ፖስታ መሥሪያ ቤቱ አስተማማኝ ነው ብሎ አረጋግጦላቸው እንደነበርና ይህም ሐሰት ሆኖ መገኘቱን ተናገሩ። የተበዳዩ ቁጣ ወደ ሃከሮቹ ሳይሆን ወደ አገልግሎት ሰጪው መዞሩን ልብ ይበሉ።

የይለፍ ቃሉ እንዴት እንደተገኘ እስከ ዛሬ ክርክር አለ። ክለቡ እንደሚለው፣ አንድን ገጽ ከአቅሙ በላይ በጽሑፍ ሲሞሉት ሥርዓቱ ይታወክና ከኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ሜሞሪ) ውስጥ የሌላ ደንበኛ መረጃ ቁርጥራጭ ወደ መስኮቱ ይፈስስ ነበር፤ የባንኩ የይለፍ ቃልም በዚህ መንገድ ተንጠባጠበ። ፖስታ መሥሪያ ቤቱና ሌሎች ተጠራጣሪዎች ደግሞ የይለፍ ቃሉ ባንኩ ውስጥ ሲጻፍ አጮልቆ ያየ ሰው ሊኖር ይችላል ይላሉ። በሙያ ዓይን ሳየው የክለቡ ገለጻ የማይሆን ነገር አይደለም፤ በ2014 ዓለምን ያስደነገጠው «ሃርትብሊድ» የተባለው ስሕተት ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል፣ ማስታወሻን ከወሰኑ በላይ የሚያፈስስ ክፍተት ነበር። ይሁን እንጂ ተጠራጣሪዎቹ ልክ ናቸው ብንል እንኳ የሌሊቱ ትምህርት አይቀየርም። አንድ የይለፍ ቃል ብቻውን የአንድን ትልቅ ባንክ ሒሳብ ያለ ጣሪያ ለክፍያ ክፍት ሲያደርግ፣ አንድ ገጽ በአንድ ሌሊት 13,510 ጊዜ ሲከፈትም የሚነቃ ማንቂያ ሳይኖር ሲቀር፣ ጥፋቱ የአንድ የፕሮግራም መስመር ስሕተት ሳይሆን የመላ ንድፉ ነው። የይለፍ ቃሉ አጭር የፊደልና የቁጥር ቅንጣቢ፣ ማለትም «ዩኤስዲ70000» መሆኑም ለዛሬ ተማሪ መማሪያ ይሆናል፤ ባንክ ለይለፍ ቃሉ የዶላርን ምሕፃረ ቃልና ክብ ቁጥር መምረጡ ፈገግ ያሰኛል።

መምህርዎ «ሌባ» ያሉትን በተመለከተ ሕጉን እንመልከት፤ ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። በ1984 የጀርመን የወንጀል ሕግ የማጭበርበር ወንጀልን የሚያውቀው ሰው ሲታለል ብቻ ነበር፤ ማሽንን ማታለል የሚባል ነገር በሕጉ ውስጥ ስላልነበረ ኮምፒውተርን በሰው ስም ማዘዝ ከየትኛው አንቀጽ ሥር እንደሚወድቅ አከራካሪ ነበር። የሌላን ሰው የኮምፒውተር መረጃ ያለ ፈቃድ ማግኘትን፣ በኮምፒውተር ማጭበርበርንና መረጃ ማበላሸትን ለይቶ የሚቀጣው ሕግ በሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 1 ቀን 1986 ነው። እንግዲህ ዋውና ጓደኛው የሠሩት ነገር ከሁለት ዓመት በኋላ ቢሆን ኖሮ ሕጉ በግልጽ ይደርስባቸው ነበር፤ በዚያ ሌሊት ግን በሕግ ጭጋግ ውስጥ ነበሩ። ክለቡም ይህን ለውጥ ተመልክቶ በ1986 በሕግ የተመዘገበ ማኅበር ሆነ። በሥነ ምግባር በኩል የራሴን ፍርድ ከጠየቁኝ፣ አንድ ገጽ ሁለት ጊዜ መክፈት ለማስረጃ ይበቃ ነበር ባይ ነኝ፤ 135,000 ማርክ የተጠራቀመው ለቴሌቪዥን ነው። ዋው ግን ሁለት ጊዜ ቢከፈት ማንም ባላዳመጠው ነበር ብሎ ይከራከረኝ እንደነበር እገምታለሁ፤ ቀደም ሲል የተናገሩት ሁሉ ሰሚ ማጣቱን ስለማውቅ ይህን ክርክር በቀላሉ የምረታው አይመስለኝም።

ይህን የምለው ከራሴ ገጠመኝ በመነሣት ነው። ከዓመታት በፊት ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ተቋም ሥርዓቱን በውል እንድፈትሽለት ቀጥሮኝ የደንበኞቹን መዝገብ ማንም ሊያነበው እንደሚችል ባሳየሁት ጊዜ፣ ክፍተቱ ከመደፈኑ በፊት የተቆለፈው የእኔ ሪፖርት ነበር። በጽሑፍ የቀረበ ማስጠንቀቂያ ስንት ወር መሳቢያ ውስጥ ሊያድር እንደሚችል ያየ ባለሙያ የዋውን ጩኸት ባይደግፈውም ምክንያቱ ይገባዋል።

ከባንኩ ታሪክ ይበልጥ ዘላቂ ሆኖ የቀረው ግን አንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ነው። አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ስቲቨን ሌቪ በ1984 የአሜሪካ ሃከሮችን ያልተጻፈ ሥነ ምግባር ሰብስቦ ነበር፤ መረጃ ሁሉ ነጻ ይሁን፣ ሥልጣንን አትመን፣ ሰውን በዲግሪው፣ በዘሩ ወይም በዕድሜው ሳይሆን በሥራው መዝነው የሚሉ ናቸው። የጀርመኑ ክለብ በእነዚህ ላይ ሁለት ጨመረባቸው፦ የሌላ ሰው መረጃ ውስጥ ገብተህ አታበላሽ፤ የሕዝብን መረጃ ተጠቀምበት፣ የግልን መረጃ ጠብቅ። በተለይ ሁለተኛው ከዋው አስተሳሰብ የፈለቀ ነው። «መረጃ ሁሉ ነጻ ይሁን» የሚለው የአሜሪካውያኑ መፈክር ብቻውን ቢቀር የጎረቤትዎን የሕክምና መዝገብ ጭምር ነጻ ያወጣል። ዋው መስመሩን በሥልጣን ላይ አሰመረው፤ የኃያሉ ሥራ ለሁሉ ይታይ፣ የደካማው ጓዳ ይሸፈን። የክለቡ ሰዎች በማሽን የሚነበብ ዜጋ ከሚኖር በማሽን የሚነበብ መንግሥት ይኑረን እያሉ ይቀልዱ ነበር። የጀርመን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤትም ዲሴምበር 15 ቀን 1983 በሕዝብ ቆጠራው ጉዳይ በሰጠው ፍርድ እያንዳንዱ ሰው ስለ ራሱ መረጃ የመወሰን መብት እንዳለው አውጆ ስለነበር፣ ሐሳቡ የጥቂት ወጣቶች ቅዠት ብቻ አልነበረም።

በዚያው በ1984 ዲሴምበር ላይ ክለቡ በሃምቡርግ የመጀመሪያውን ጉባኤ ጠራ፤ ከዚያ ወዲህ በፈረንጆች ገናና በአዲስ ዓመታቸው መካከል ከጥቂት ዓመታት በቀር በየዓመቱ ሲካሄድ የኖረው ይህ ጉባኤ በ2019 ከ15,000 በላይ ሰው ሲሰበስብ ታይቷል።

የክለቡ መከራ የጀመረው ከዚህ ዝና በኋላ ነው፤ የዋውንም ማንነት ይበልጥ የሚገልጠው ይህ ዘመን ይመስለኛል። በ1987 ወጣት ሃከሮች የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ የሚጠቀምበትን ዓለም አቀፍ መረብ ተከትለው ብዙ ኮምፒውተሮች ውስጥ ገቡ፤ ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ሲሆንባቸው ክለቡ ሸምጋይ ሆኖ ለሕዝብ እንዲያሳውቅላቸው ተማጸኑ። ክለቡ እሺ አለ፤ ዋጋውንም ከፈለ። ፖሊስ የአባላቱን ቤት በረበረ፤ ቬርነሪ በማርች 1988 ስለ ኮምፒውተር ደኅንነት በሚመክር ጉባኤ ላይ ሊናገር ወደ ፓሪስ ሲሄድ ተይዞ ከሁለት ወር በላይ ታሰረ። እርሱ ራሱ ሰብሮ ያልገባበትን ቤት ክፍተት የተናገረ መልእክተኛ ነው የታሰረው።

የባሰው ግን በ1989 መጣ። በካሊፎርኒያ የሎውረንስ በርክሊ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው የሥነ ፈለክ ባለሙያ ክሊፍ ስቶል በ1986 በኮምፒውተር አገልግሎት ሒሳብ ላይ የ75 ሳንቲም ልዩነት አግኝቶ ዱካውን ሲከተል እስከ ጀርመን ሃኖቨር ደረሰ። በዚያ የነበሩ ጥቂት ሃከሮች ከአሜሪካ ኮምፒውተሮች የቀዱትን በምሥራቅ በርሊን በኩል ለሶቪየት ኅብረት ስለላ ድርጅት ለኬጂቢ ይሸጡ ነበር። ጉዳዩ በማርች 1989 ይፋ ሲወጣ የመላው ሃከር ስም ጠፋ። ከእነርሱ አንዱ የነበረው የ23 ዓመቱ ካርል ኮኽ በዚያው ዓመት በደን ውስጥ ተቃጥሎ ሞቶ ተገኘ፤ ከሌሎቹ ሦስቱ በ1990 በእገዳ የሚቆይ የእስራት ቅጣት ተወሰነባቸው። በክለቡ ውስጥ ማን ከማን ጋር እንደሚሠራ መጠራጠር ነገሠ፤ የሃምቡርጉ ስብስብ ተዳከመ፤ የክለቡም ማዕከል በኋላ ወደ በርሊን ዞረ። በዋው መርህ ሲመዘን የኬጂቢው ሥራ ግልብጡ ነበር። እርሱ ያገኘውን ለሁሉ በነጻ ሲናገር፣ እነዚህ ያገኙትን ለአንድ ገዢ በድብቅ ሸጡ። የክፍተት ዕውቀት ሁለት መንገድ አለው፤ ወይ በአደባባይ ይገለጣል ወይ በጓዳ ይሸጣል። ዛሬ ገና ያልተደፈኑ ክፍተቶች በውድ ዋጋ በሚሸጡበት ገበያ ያ ምርጫ ይበልጥ ከብዷል።

የበርሊን ግንብ ከፈረሰ በኋላ ዋው ወደ ቀድሞዋ ምሥራቅ ጀርመን አቀና፤ በየና ከተማ በአንድ የወጣቶች ማዕከል ለልጆች ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ሥነ ምግባሩ ያስተምር ነበር። የክለቡ የክብር ፕሬዚዳንት ሆኖ በየጉባኤው ሲናገር ወጣቶቹ ተሰብስበው ይሰሙት ነበር። ሀብት አላፈራም። በ1990ዎቹ የእርሱ ዓይነት ዕውቀት የነበራቸው ብዙዎች ኩባንያ ሲከፍቱ እርሱ እንደ ቀድሞው ባለማንገቻ ሱሪውን ለብሶ ከልጆች ጋር ማሽን ሲፈታ ኖረ። በ2001 ጸደይ የአንጎል ደም ፍሰት መታወክ ደርሶበት ራሱን ሳተ፤ ሳይነቃም ጁላይ 29 ቀን በቢለፌልድ ከተማ በ49 ዓመቱ ዐረፈ።

በ2003 በስሙ የተቋቋመው የዋው ሆላንድ ፋውንዴሽን በኋላ ምስጢራዊ ሰነዶችን ለሕዝብ ለሚያወጣው ለዊኪሊክስ የሚሰጥ እርዳታ ሲሰበስብ በዲሴምበር 2010 የኢንተርኔት ክፍያ አስተላላፊው ፔይፓል ሒሳቡን ስለዘጋበት ስሙ በዓለም ዜና ተጠራ። ክለቡም አልሞተም። የድምፅ መስጫ ኮምፒውተሮች ሊታለሉ እንደሚችሉ አባላቱ በ2006 ማሳየታቸው፣ በማርች 2009 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤቱ የእነዚያን ማሽኖች አጠቃቀም ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብሎ ለወሰነበት ክርክር አንዱ ስንቅ ነበር። በ2011 ደግሞ የጀርመን ፖሊስ በተጠርጣሪዎች ኮምፒውተር ላይ የሚጭነውን የስለላ ፕሮግራም አግኝተው በመተንተን ከተፈቀደለት በላይ መሥራት እንደሚችል ለሕዝብ አወጡ። በዚህ መስመር የእኛም ስም ይነሣል፤ የካናዳው የምርምር ተቋም ሲቲዝን ላብ በ2013 ባወጣው ጥናት ሙኒክ ላይ በነበረ ኩባንያ የተሠራው «ፊንፊሸር» የተባለው የስለላ ፕሮግራም የግንቦት 7 አባላትን ምስል ማጥመጃ አድርጎ መሠራጨቱንና መቆጣጠሪያው ኢትዮጵያ ውስጥ መገኘቱን ገልጾ ነበር። የካኦስ ክለብ ሰዎች የዚህኑ ምርት ናሙናዎች በ2019 ፈታትተው አሠራሩን አሳይተዋል። «የግልን መረጃ ጠብቅ» የሚለው ቃል ከሃምቡርግ ተነሥቶ እስከ እኛ ድረስ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

እንግዲህ አርአያ ልውሰደው ወይ ላሉት። የ1984ቱን ሌሊት እንዳይደግሙት በቀጥታ እመክርዎታለሁ፤ ዋው የነበረበት የሕግ ጭጋግ ዛሬ የለም። በአገራችን የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 (ይህ ዓመት ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) ያለ ፈቃድ የሌላን ሰው የኮምፒውተር ሥርዓት መድረስን ራሱን ወንጀል አድርጎታል፤ ገንዘቡን መመለስ ወይም ለጋዜጣ መናገር ነጻ አያወጣዎትም። ጓደኞችዎ የሚያደንቁትን ችሎታ ለማዳበር ከፈለጉ በራስዎ ኮምፒውተር ላይ ያቋቋሙትን መለማመጃ ይስበሩ፤ የሌላ ሰው ከሆነም ባለቤቱ በጽሑፍ የፈቀደልዎትን ብቻ ይፈትሹ፤ የፈቃዱንም ወሰን ከመጀመርዎ በፊት በወረቀት ያስፍሩ። ከእርሱ የሚወሰደው ሌላው ነው፦ ያገኙትን ለገዢ አይሸጡ፣ የሰው መረጃ ሲያጋጥምዎ ለማስረጃ ከሚበቃው በላይ አይንኩ፣ ክፍተቱን ለባለቤቱ ሲያሳውቁም የኮምፒውተር ትምህርት ያልተማሩት ሥራ አስኪያጅ አንብበው በሚደነግጡበት አማርኛ ይጻፉት። መምህርዎንም አንድ ጥያቄ ይጠይቁልኝ፤ ያ ባንክ ራሱ ጣቱን በፖስታ መሥሪያ ቤቱ ላይ ሲቀስር፣ የባንኩ ደንበኛ ቢሆኑ ኖሮ ሰኞ ማታ ዜናውን ሲሰሙ በማን ይቆጡ ነበር?